ባሕር ዛፍን በቼንሶ መጣልና መመልመል፦ ከዝግጅቱ እስከ ጉቶው

ባሕር ዛፍ ለመጣል ቀላል ይመስላል። ቀጥ ብሎ ያድጋል፤ ቅርንጫፉ ቀጭን ነው፤ ደጋ ያደገ ሰው ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲቆረጥ ያየዋል። በመጥረቢያ ሲቆረጥ ቆራጩ ለማሰብ ጊዜ አለው። ቼንሶ፣ ማለትም በሞተር የሚሠራው ባለ ሰንሰለት መጋዝ፣ ይህን ጊዜ ይወስድበታል። 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን ግንድ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይጨርሰዋል። አደጋውም የሚመጣው በዚያው ፍጥነት ነው።

ይህን የጻፍኩት በራሳቸው ቦታ ላይ ያለ ባሕር ዛፍ ለመቁረጥ ቼንሶ ለገዙ ወይም ለተከራዩ ሰዎች ነው። ብዙ ዝርዝር አለው። አንዱን ነገር ግን ከሁሉ አስቀድማችሁ ያዙልኝ፦ ዛፉን ወደፈለጋችሁበት የሚወስደው ሳትቆርጡ የምትተዉት ቀጭን እንጨት ነው። ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ነገር ያንን እንጨት ስለመጠበቅ ነው።

መጀመሪያ፦ ይህን ዛፍ መንካት አለባችሁ?

ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና የሐበሻ ጥድ ከሆነ ቼንሶውን አስቀምጡ። እነዚህ የአገር በቀል ዛፎች በሕግ ጥበቃ ሥር ያሉ ናቸው። በግቢያችሁ ቢበቅሉም መጀመሪያ ወረዳ ሄዳችሁ ጠይቁ። ለባሕር ዛፍም ቢሆን እንጨቱን ወደ ገበያ የምታጓጉዙ ከሆነ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ቀድማችሁ አጣሩ። መኪና ከተጫነ በኋላ መንገድ ላይ መጨቃጨቅ ለማንም አይበጅም።

የመብራት ሽቦ አጠገብ ያለውን ዛፍ በራሳችሁ አትጣሉ። ዛፉ ሲወድቅ ሽቦውን ሊደርስበት የሚችል ከሆነ አጠገብ ነው ማለት ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት መጥቶ መስመሩን እስኪያቋርጥ ጠብቁ። መጠበቁ ያሰለቻል፤ ግን እርጥብ እንጨት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ገመድ የሚጎትተው ሰውም መሬት ላይ ነው የቆመው።

ወደ ቤት ያጋደለ፣ ውስጡ የበሰበሰ፣ ወይም ከቼንሶው ባር (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅም ብረት) ርዝመት በላይ የወፈረ ዛፍም ለጀማሪ አይሆንም። ለዚያ ልምድ ያለው ሰው ቅጠሩ።

የሚለበሰው

በየገጠሩ ቼንሶ የሚያንቀሳቅሱ ብዙ ልጆች በሸራ ጫማ ወይም በክፍት ጫማ ነው የሚሠሩት። ይህን ሳይ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ሙያቸው ጥሩ ነው፣ የጎደላቸው እግራቸውን የሚሸፍን ነገር ነው። የቼንሶ ሰንሰለት በሰከንድ 20 ሜትርና ከዚያ በላይ ይሮጣል። ተራ ጂንስ ምንም አያግደውም።

ለቼንሶ ተብሎ የተሠራ ሱሪ አለ። ውስጡ ረጃጅም ክሮች በብዙ ንብርብር ተደርገውበታል። ሰንሰለቱ ሱሪውን ሲነካ ክሮቹ ተጎልጉለው ይወጡና ማርሹ ላይ ተጠምጥመው ያቆሙታል። ዋጋው ውድ ነው፤ እንደልብም አይገኝም። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያለ ዘመድ «ምን ላምጣላችሁ?» ሲል የምትነግሩት ነገር ይህ ይሁን። ከሱ ጋር ሄልሜት፣ የዓይን መከላከያ፣ የጆሮ መከላከያና ጣቱ ላይ ብረት ያለው ጠንካራ ቦት ጫማ ያስፈልጋል። ነጠላ፣ ሻርፕና የተንጠለጠለ የጃኬት ገመድ ሥራ ቦታ አይገቡም።

ብቻችሁን አትውጡ። አንድ ሰው ድምፃችሁ በሚሰማበት ርቀት ይኑር። ስልክ ቻርጅ ይደረግ፤ ሰፊ ባንዴጅና ንጹሕ ጨርቅ ኪስ ውስጥ ይግባ። ደም ከፈሰሰ መጀመሪያ ቁስሉን በጨርቅ አጥብቆ መጫን፣ ከዚያ የቀይ መስቀል አምቡላንስን በ907 መጥራት ነው። መኪና የሚገባው እስከ የት ድረስ እንደሆነም ሥራ ሳይጀመር ተነጋገሩ።

ማሽኑን ማዘጋጀት

ቼንሶ ባለ ሁለት ምት ሞተር ነው፤ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ይቀላቀላል። የብዙዎቹ ዘመናዊ ማሽኖች ልክ 50 ለ1 ነው። ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር የባለ ሁለት ምት ዘይት ማለት ነው። የእናንተ ማሽን መመሪያ ሌላ ካለ እሱን ተከተሉ። በዓይን ግምት አትቀላቅሉ። ዘይት ያነሰው ሞተር ፒስተኑ ይነክስና ያልቃል።

ሁለተኛው ዘይት የሰንሰለቱ ነው። ብዙ ሰው ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት ይሞላበታል። ይህን ተዉት። ውስጡ የብረት ብናኝ አለው፤ ባሩንና የዘይት ፓምፑን ይበላል፤ እጅና ፊት ላይ የሚረጨውም ለጤና መጥፎ ነው። ቤንዚን በሞላችሁ ቁጥር የሰንሰለት ዘይትም ሙሉ።

ስትሞሉ ሞተሩ ጠፍቶ ይቀዝቅዝ። ከሞላችሁበት ቦታ ቢያንስ 3 ሜትር ራቅ ብላችሁ አስነሱት። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት አለው፤ በበጋ መሬት ላይ የተከመረው ደረቅ ቅጠልና ቅርፊት በአንድ ብልጭታ ይያያዛል። ማርሚታው የጋለ ቼንሶ ቅጠል ላይ አይቀመጥም።

ሰንሰለቱን እዩ። ከባሩ ሥር የላላ መሆን የለበትም፤ በጓንት ሲጎተት ግን መዞር አለበት። የተሳለ ሰንሰለት ፍርፋሪ ያወጣል። ዱቄት ማውጣት ከጀመረ ደንዟል፤ ሞረድ ይያዝለት። የደነዘ ሰንሰለት ቆራጩ ቼንሶውን እንዲገፋ ያስገድደዋል፣ ሲገፉት ደግሞ ይዘላል።

ለማስነሳት ቼንሶውን መሬት ላይ አስቀምጡ፤ የሰንሰለቱን ፍሬን (ከፊቱ እጀታ ፊት ያለውን መከላከያ) ወደፊት ገፍታችሁ ቆልፉ፤ ቀኝ እግራችሁን በኋላ እጀታው ውስጥ አስገብታችሁ ርገጡ፤ በግራ እጅ የፊቱን እጀታ ይዛችሁ ገመዱን ሳቡ። አየር ላይ እየወረወሩ ማስነሳት የሚያስጨበጭብ ትርዒት ሊመስል ይችላል፤ ጉልበት የሚከፍተው ግን እሱ ነው። ከተነሳ በኋላ ሁለት ነገር ፈትሹ። ጋዝ ሳትሰጡ ሰንሰለቱ ቆሞ መቆየት አለበት። ጋዝ ሰጥታችሁ ፍሬኑን በግራ አንጓችሁ ወደፊት ስትገፉት ደግሞ በዚያው ቅጽበት ማቆም አለበት። ከሁለቱ አንዱ ካልሠራ ወደ መካኒክ ነው የሚሄደው።

አያያዙ፦ ቀኝ እጅ ኋላ፣ ግራ እጅ ፊት፣ የግራ አውራ ጣት ከእጀታው ሥር ዞሮ የተቆለፈ። ግራኝ ብትሆኑም ያው ነው። የባሩ ጫፍ የላይኛው ሩብ ምንም ነገር መንካት የለበትም። ያ ቦታ እንጨት ከነካ ቼንሶው ከዓይን ጥቅሻ በፈጠነ ጊዜ ወደ ፊትና ወደ አንገት ይመለሳል። በጉልበት የሚይዘው ሰው የለም። ስለዚህ ከትከሻ በላይ አትቁረጡ፤ ጭንቅላታችሁም ከባሩ መስመር ትንሽ ወደ ጎን ይሁን።

ዛፉን ማንበብ

ሞተሩን አጥፉና ዛፉን ዙሩት። ቀና ብላችሁ እዩ። የተሰበረ ቅርንጫፍ ተንጠልጥሏል? የባሕር ዛፍ ቅርፊት በረጅሙ እየተላጠ ይንጠለጠላል፤ ብዙውን ጊዜ ቀላል ነው፣ ነገር ግን የሞተ ቅርንጫፍ ከውስጡ ይደበቃል። ዘውዱ፣ ማለትም የላይኛው ቅርንጫፍና ቅጠል፣ ወደየት ይከብዳል? ግንዱ ወደየት ያዘነብላል? ቀጥ ያለ መስሎ የሚታይ ዛፍ ከሌላ ጎን ሲያዩት አጋድሎ ይገኛል፤ ስለዚህ ቢያንስ ከሁለት አቅጣጫ እዩት።

አንዴ ተቆርጦ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቆጠ ከሆነ ጥንቃቄው ይጨምራል። ከአንድ ጉቶ ሦስትና አራት ግንድ ይወጣል፤ እያንዳንዱ ወደ ውጭ ያጋድላል። ከዳር ጀምራችሁ አንዱን አንዱን ወደራሱ ማዘንበያ ጣሉት። ወደ መሀል ልመልሰው ማለት ሌሎቹ ላይ ማንጠልጠል ነው።

ነፋስ ካለ ሥራው ለነገ ይደር። በደጋው ብዙ ቀን ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል፤ ስለዚህ መጣሉን ጠዋት፣ መመልመሉን ከሰዓት አድርጉት።

ቁመቱን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ከዓይናችሁ እስከ ተዘረጋው ጡጫችሁ ያለውን ርቀት የሚያህል ቀጥ ያለ ጭራሮ ቁረጡ። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጭራሮውን ከጡጫችሁ በላይ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት። ከዚያ የጭራሮው ሥር ከዛፉ ሥር፣ ጫፉ ከዛፉ ጫፍ ጋር እስኪገጥም ወደኋላ ሂዱ። መሬቱ ሜዳ ከሆነ የቆማችሁበት ቦታ ከዛፉ ያለው ርቀት የዛፉ ቁመት ነው። ጫፉ የሚያርፈውም እዚያው ገደማ ነው።

ሰውና ከብት ከዛፉ ቁመት እጥፍ ይራቅ። ዛፉ 20 ሜትር ከሆነ 40 ሜትር። ልጆች ዛፍ ሲወድቅ ማየት ይወዳሉ፤ ቅጠል ለመልቀም የሚመጡ ሴቶችም ግንዱ መሬት ሳይነካ መቅረብ ይጀምራሉ። አንድ ሰው ሥራው እነሱን መከልከል ብቻ ይሁን። መንገድ አጠገብ ከሆነ በሁለቱም በኩል ሰው ይቁም።

በመጨረሻ ማምለጫችሁን አጽዱ። ዛፉ ወደ ምሥራቅ የሚወድቅ ከሆነ ማምለጫችሁ ወደ ሰሜን ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ነው፤ በቀጥታ ወደ ምዕራብ አይደለም። ግንዱ ሲወድቅ ቂጡ ተነስቶ ወደኋላ ሊመታ ስለሚችል ከዛፉ በቀጥታ ኋላ መቆም የለም። ድንጋዩን፣ ጭራሮውንና ሐረጉን አንሱ፤ አንድ ጊዜም በእግራችሁ ሄዳችሁ ሞክሩት።

መጣል

ባሕር ዛፍ እንዲያቆጠቁጥ ጉቶው አጭር መሆን አለበት። ያንን ብሎ ጀማሪው መሬት ላይ ተንበርክኮ ይቆርጣል፤ ተንበርክኮ ደግሞ መሸሽ አይቻልም። የኔ ምክር ይህ ነው፦ መጀመሪያ በጉልበት ቁመት ላይ ጣሉት፤ ጉቶውን በኋላ ተረጋግታችሁ አሳጥሩት። የሚተርፈው ቁራጭ ለማገዶ ይሆናል።

የምትቆርጡበትን ቦታ ከአፈርና ከላላ ቅርፊት አጽዱ። ለምሳሌ የዛፉ ውፍረት 30 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል።

አንደኛ፣ አፉን ክፈቱ። አፍ የምለው ዛፉ በሚወድቅበት በኩል የሚወጣውን የሦስት ማዕዘን ቁራጭ ነው። ከላይ ወደ ታች 60 ዲግሪ ገደማ አዘንብላችሁ ቁረጡ። ጥልቀቱ የውፍረቱ አንድ አምስተኛ እስከ አንድ አራተኛ፣ እዚህ 6 ወይም 7 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ከዚያ ከሥር በኩል አግድም ቆርጣችሁ የመጀመሪያውን ቁርጥ ጫፍ ግጠሙት። ሁለቱ ቁርጦች በአንድ መስመር ላይ ብቻ መገናኘት አለባቸው። አንዱ አልፎ ከገባ የምትጠብቁትን እንጨት ቆርጣችሁታል፤ አፉን ትንሽ አስፍታችሁ አስተካክሉት። ቁራጩ ሲወጣ የአፉ መስመር ከምትፈልጉት አቅጣጫ ጋር ቀጤ ነክ መሆኑን ከኋላ ሆናችሁ አይታችሁ አረጋግጡ። ዛፉ የሚሄደው አፉ ወደሚያይበት ነው። ጥቂት ዲግሪ ስህተት በ20 ሜትር ላይ ብዙ ሜትር ይሆናል፤ እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ።

ሁለተኛ፣ ከጀርባ ቁረጡ። ከአፉ ጥግ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብላችሁ አግድም ግቡ። እዚህ ጋ ነው ያ የማይቆረጠው እንጨት የሚወለደው። በአፉና በጀርባ ቁርጡ መካከል የሚቀረው ስስ እንጨት እንደ በር ማጠፊያ ሆኖ ዛፉን ይዞ ያጥፈዋል። ውፍረቱ የግንዱ አንድ አሥረኛ፣ እዚህ 3 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ርዝመቱ ቢያንስ 24 ሳንቲ ሜትር። ከዳር እስከ ዳር እኩል መሆን አለበት። አንዱ ጎን ከሳሳ ዛፉ ወደ ወፈረው ጎን ይዞራል። ጨርሶ ከተቆረጠ ዛፉ ጌታ የለውም፤ ወደፈለገበት ይሄዳል፣ ከጉቶው ተንሸራቶም እግራችሁ ላይ ሊወርድ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ሽብልቅ። ባሩ በደንብ እንደገባ፣ ግን ሽብልቁ ሰንሰለቱን የማይነካበት ቦታ እንደተገኘ ወዲያው ከባሩ ኋላ በጀርባ ቁርጡ ውስጥ አስገቡት። የፕላስቲክ ወይም የደረቅ ወይራ ሽብልቅ ይሁን። ብረት አይሁን፤ ሰንሰለቱ ቢነካው ጥርሱ ይበራል። ሽብልቅ ሳታስገቡ ዛፉ ወደኋላ ካዘመመ ባሩን ይነክሰዋል፤ ከዚያ በኋላ ያላችሁ አማራጭ ሁሉ መጥፎ ነው።

ባሩ ወደ አፉ ጥግ 3 ሳንቲ ሜትር ሲቀረው አቁሙ። ዛፉ ካልሄደ ሽብልቁን ምቱት እንጂ ማጠፊያውን አትቁረጡ። ይህ ነው ትዕግሥት የሚፈልገው ቦታ። ዛፉ ቆሞ ሲያያችሁ እጅ «ትንሽ ልጨምር» ይላል። አትጨምሩ።

ገመድ ለመጠቀም ካሰባችሁ ቁረጣ ሳይጀመር ከፍ ብሎ ይታሰር፤ ርዝመቱ ከዛፉ ቁመት ይበልጥ፤ የሚጎትቱት ሰዎችም ዛፉ ከሚደርስበት ውጭ ወደ ጎን ይቁሙ። ገመዱን ወገብ ወይም እጅ ላይ መጠምጠም ክልክል ነው።

ዛፉ መንቀሳቀስ ሲጀምር «ይወድቃል! ዘወር በሉ!» ብላችሁ ጩኹ፤ ፍሬኑን ቆልፉ፤ በማምለጫችሁ ሂዱ። ቼንሶው ከተያዘ ጥላችሁት ሂዱ። ዓይናችሁ ወደላይ ይሁን፤ ዛፉ ከወደቀ በኋላም ከአጎራባች ዛፎች ላይ የተሰበረ ቅርንጫፍ ዘግይቶ ይወርዳል።

በጣም ስላጋደለ ዛፍ አንድ ነገር ልጨምር። ባሕር ዛፍ በውስጡ ትልቅ ውጥረት ይዞ የሚያድግ እንጨት ነው፤ በቀላሉ ይሰነጠቃል። ወደሚያጋድልበት በኩል በተለመደው መንገድ ከጣላችሁት የጀርባ ቁርጡ ሳያልቅ ግንዱ በቁመቱ ተሰንጥቆ የኋላው ግማሽ ወደ ቆራጩ ደረትና ፊት ሊነሳ ይችላል። ልምድ ያላቸው ሰዎች ባሩን በግንዱ መሀል ወግተው ማጠፊያውን ቀድመው ያዘጋጃሉ፤ ከኋላ ጥቂት እንጨት ያስቀሩና በመጨረሻ እሷን ይቆርጣሉ። መውጋቱ ራሱ የባሩን ጫፍ መጠቀም ስለሆነ ከሚያውቅ ሰው ጎን ቆማችሁ ሳትማሩ አትሞክሩት።

ዛፉ ሌላ ዛፍ ላይ ከተንጠለጠለ

በጥቅጥቅ ተክል ውስጥ ይህ ይከሰታል። ከሥሩ አትለፉ። የያዘውን ዛፍ አትቁረጡ። ላዩ ላይ አትውጡ። ሌላ ዛፍ ጥላችሁ ለማውረድም አትሞክሩ። ከማጠፊያው የተረፈውን እንጨት ከጎን ሆናችሁ ልቀቁና ግንዱን በረጅም ዘንግ አንከባሉት፣ ወይም ቂጡን በረጅም ገመድ ከርቀት ወደኋላ ሳቡት። ካልተቻለ ቦታውን በገመድ አጥራችሁ ትራክተር ወይም የሚያውቅ ሰው እስኪመጣ ተዉት። በዚህ መሀል ሰው በሥሩ እንዳያልፍ ጠባቂ ይኑር።

መመልመል

ዛፉ ከወደቀ በኋላ ሰው ይዝናናል። እኔ እንደማየው ግን ከመጣሉ ይልቅ እዚህ ነው እጅና እግር የሚጎዳው፤ ምክንያቱም ቁርጡ ብዙ ነው፣ እግር በቅርንጫፍ መሀል ነው፣ የባሩ ጫፍም የማይታይ ነገር ይነካል።

ከቂጡ ጀምራችሁ ወደ ጫፉ ሂዱ። ወደ ጫፉ እያያችሁ ከግንዱ በስተግራ ቁሙ። ተዳፋት ከሆነ ሁልጊዜ ከላይ በኩል፤ ግንዱ ሊንከባለል ይችላል። የቼንሶውን ክብደት ግንዱ ላይ አሳርፉት፤ ወገባችሁም ያርፋል። በቀኝ በኩል ያሉትን ቅርንጫፎች ስትቆርጡ ግንዱ በእናንተና በሰንሰለቱ መሀል ነው። እግራችሁን የምታንቀሳቅሱት ያኔ ብቻ ነው፦ ባሩ ከግንዱ ማዶ ሲሆን። ባሩ በእናንተ በኩል ካለ እግር አይነሳም።

ከመቁረጣችሁ በፊት ቅርንጫፉ ወደየት እንደታጠፈ እዩ። የታጠፈ ቅርንጫፍ አንዱ ጎኑ ተጨምቋል፣ ሌላው ተወጥሯል። መጀመሪያ ከተጨመቀው በኩል እስከ አንድ ሦስተኛ ቁረጡ፤ ከዚያ ከተወጠረው በኩል ቀስ እያላችሁ ጨርሱ። በተቃራኒው ካደረጋችሁ ተፈናጥሮ ይመታል ወይም ባሩን ይይዛል። ከግንዱ ሥር ገብተው ያቆሙትን ቅርንጫፎች ለመጨረሻ አስቀሩ። እነሱ ሲቆረጡ ግንዱ ይወርዳል፣ ይዞራልም፤ እግራችሁ የት እንዳለ እወቁ። በግንዱ ተጭኖ እንደ ቀስት የተለመጠ ለጋ ዛፍ ካለ ከውስጠኛው ጎን ጥቂት በጥቂቱ እየላጣችሁ ውጥረቱን አርግቡት እንጂ ባንዴ አትቁረጡት።

ቀጫጭኑን ለገጀራ ወይም ለመጥረቢያ ተዉት። ጣት የሚያህል ለጋ ቅርንጫፍ በሰንሰለት ተይዞ ይገርፋል፤ በገጀራ ግን ባንድ ምት ይሄዳል። ቅጠሉና ጭራሮው ለምጣድ የሚፈለግ ስለሆነ ለብቻው ይከመር። ግን ለቃሚዎቹ የሚገቡት ሞተሩ ጠፍቶ ቼንሶው ከተቀመጠ በኋላ ነው።

ከዚያ ለቋሚ፣ ለወራጅና ለማገር የሚሆነውን ለክታችሁ ቁረጡ። ሕጉ ያው የተጨመቀና የተወጠረ ጎን ነው። ሁለት ጫፉ ተደግፎ መሀሉ የተንጠለጠለ ግንድ ከላይ ተጨምቋል፤ ከላይ ጀምራችሁ ከሥር ጨርሱ። ጫፉ አየር ላይ ከሆነ ተቃራኒው ነው። ሰንሰለቱ አፈር እንዳይነካ ከሥር ቁራጭ እንጨት አድርጉ።

ጉቶው

አሁን ወደ ጉቶው ተመለሱ። ከመሬት 10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ላይ አሳጥሩት፤ ውኃ እንዳይተኛበት ትንሽ አዘንብሉት። ቅርፊቱ እንዳይላጥ ተጠንቀቁ፤ አዲሱ ቡቃያ የሚወጣው ከእሱ ሥር ነው። በደነዘ ሰንሰለት ወይም በመጥረቢያ የተቦጫጨቀ ጉቶ በደንብ አያቆጠቁጥም። ቅጠልና ጭራሮ አትከምሩበት፤ እሳትም አታንድዱበት።

ቁረጣውን ከክረምቱ ቀደም ብላችሁ ካደረጋችሁት ቡቃያው ዝናብ ያገኛል። ከአንድ ጉቶ ብዙ ይወጣል፤ ሁሉንም ካሳደጋችሁት ሁሉም ቀጭን ሆኖ ይቀራል። ቡቃያው ጠንከር ብሎ ከሰው ቁመት ሲያልፍ ጠንካራውንና ቀጥ ያለውን ሁለት ወይም ሦስት መርጣችሁ ሌላውን በገጀራ አንሱት። ከጉቶው ዝቅ ብለው ከመሬቱ አጠገብ የወጡትን ምረጡ፤ ከላይ ጠርዝ የወጣው ነፋስ ሲመጣ ይገነጠላል። እስከዚያ ድረስ ከብት እንዳይረግጠው በእሾህ አጥሩለት።